ቻሪዝማ 17 ያላት ዝምተኛ አዝማሪ፦ ከአንድ የዲኤንዲ ጠረጴዛ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ፣ እኛ ዲኤንዲ የምንለው፣ ግማሹ ወረቀት ላይ ግማሹ አፍ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣ ጀምሮ የሚንከባለል አንድ ጥያቄ አለበት። ካራክተርህ፣ ማለትም ጨዋታው ውስጥ የምትሆነው ሰው፣ ከአንተ የበለጠ ጉልበተኛ ቢሆን ማንም "እስቲ ይህን ጠረጴዛ አንሣ" አይልህም። ካራክተርህ ከአንተ የበለጠ አንደበተ ርቱዕ ከሆነ ግን "በል እንግዲህ ተናገር" ትባላለህ። ጉልበት ላይ ወረቀቱ ይፈተናል፣ ንግግር ላይ ሰውየው ራሱ።

እኛ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ በአማርኛ ነው የምንጫወተው። ይህ ጥያቄ እኛ ጋ ሲመጣ የዕድሜና የአክብሮት ነገር ስለተጨመረበት የራሱ መልክ ነበረው። አንዲት ልጅ ጨዋታውን ልትተው ምንም አልቀራትም ነበር። አልተወችም። እንዴት እንዳልተወች በዝርዝር መጻፍ ያለበት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የተደረገው ነገር ሌላም ቦታ ይሠራል።

እኔ ተጫዋች ነበርኩ፤ ክሌሪክ፣ ማለትም ካህን፣ ነው የያዝኩት። ጨዋታውን የሚመራው ሌላ ሰው ነው። የማንንም ስም አልጠቅስም። ሁሉም እንድጽፈው ፈቅደዋል፣ ልጅቷም ከመውጣቱ በፊት አንብባዋለች።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩት

አምስት ነን። ዲኤሙ፣ ማለትም ዓለሙን የሚፈጥረውና እኛ የማንጫወታቸውን ሰዎች ሁሉ የሚናገርላቸው፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። እሁድ ከሰዓት እሱ ቤት እንሰበሰባለን። መጀመሪያ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከዚያ ዳይሱ ይወጣል። ታሪኩ በአማርኛ ነው የሚነገረው፤ የጨዋታው ቃላት ግን በእንግሊዝኛ እንዳሉ ይገባሉ፣ "ኢኒሺየቲቭ ጣሉ" ምናምን እየተባለ።

ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁን ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። አንቱ ነው የምንላቸው፣ ጨዋታው ውስጥ ሲገቡም ጭምር። የሠርግ ንግግር ሲያስፈልግ የሚጠሩ፣ የተጣላ ሲኖር የሚላኩ ሰው ናቸው። ንግግር ያውቃሉ። ተረት፣ ምሳሌ፣ ማሳመኛ፣ ሁሉም ከአፋቸው እንደ ልብ ይወጣል።

ትንሿ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከመጣች ብዙ ያልቆየች፣ ኮሌጅ የጀመረች ልጅ ናት። ዊዛርድ፣ ማለትም አስማተኛ፣ የሚጫወተው የአጎቷ ልጅ ነው ያመጣት። ከዚያ በፊት ተጫውታ አታውቅም። ቤት ስትገባ ሰላም ብላ ጥግ ላይ የምትቀመጥ ዓይነት ናት። ቡና ለማቅረብ ግን መጀመሪያ የምትነሣው እሷ ነበረች።

ካራክተሮቹ እንዴት ተሠሩ

የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ሕግ ነው። ካራክተር ስድስት ቁጥሮች አሉት፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ቻሪዝማ። ቻሪዝማ ሰውን የመሳብ፣ የማሳመን፣ የማስፈራራት አቅም ነው። ዲኤሙ ቁጥሮቹን በዳይስ ሳይሆን በነጥብ እንድንገዛ አደረገ። ለእያንዳንዱ ሰው 27 ነጥብ ይሰጣል። ሁሉም ቁጥር ከ8 ይጀምራል፤ 8 ላይ መተው በነጻ ነው። 13 ለማድረስ 5 ነጥብ፣ 14 ለማድረስ 7፣ 15 ለማድረስ 9 ነጥብ ይከፈላል። ይህ ሂሳብ ለጉዳዩ ወሳኝ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ጋሼ ድዋርፍ ፋይተር ሠሩ፣ ማለትም ድዋርፍ ከሚባለው የጨዋታው ዘር የሆነ ተዋጊ። ጉልበት 15፣ ጽናት 15፣ ቅልጥፍና 14፣ ማስተዋል 10፣ ዕውቀት 8፣ ቻሪዝማ 8። የድዋርፉ ጭማሪ ሲገባ ጉልበትና ጽናታቸው 17 ሆኑ። በጦር ሜዳ በጣም ጠንካራ ሰው ነው። ወረቀቱ እንደሚለው ከሆነ ግን ዕውቀቱ ዝቅተኛ፣ ከሰው ጋር መግባባት የማይሆንለት ድዋርፍ ነው። ማንኛውም የማሳመን ሙከራ ላይ ከዳይሱ 1 ይቀነስበታል።

ልጅቷ ባርድ መረጠች። የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ባርድ በሙዚቃና በቃል አስማት የሚሠራ ሰው ነው። ዲኤሙ ገና ሲያስረዳት "አዝማሪ ማለት ነው?" አለች፤ "ነው" ተባለች፣ በዚያው ተወሰነ። ማሲንቆ የያዘች፣ ከአገር አገር የምትዞር፣ በየድግሱ የምትገባ፣ ማንም የማይደፍረውን ለባላባት ፊት ለፊት በግጥም የምትናገር ሴት። ታሪኳን አንድ ሙሉ ገጽ ጽፋ መጣች። ከሁላችንም የተሻለ የተጻፈው የእሷ ነበር። ቻሪዝማዋን በ9 ነጥብ 15 አደረገች፣ ሀፍ ኤልፍ ከሚባለው የጨዋታው ዘር ስለሆነች 2 ተጨምሮ 17 ሆነ። ፐርሱዌዥን የሚባለውን ስኪል፣ ማለትም የማሳመን ችሎታም፣ ያዘች። ስለዚህ ስታሳምን ዳይሷ ላይ 5 ይደመራል።

ልዩነቱን በመቶኛ እንየው። መካከለኛ የሚባል ነገር ለማሳካት ባለ 20 ገጹ ዳይስ ከድምሩ ጋር 15 መድረስ አለበት። እሷ 10 ወይም ከዚያ በላይ ካወጣች ይበቃታል፣ ዕድሏ 55 በመቶ ነው። ጋሼ 16 ያስፈልጋቸዋል፣ ዕድላቸው 25 በመቶ። ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለዚህ ልዩነት ካላት ነጥብ ሲሶውን ከፍላለች፤ እሳቸው ምንም አልከፈሉም።

ችግሩ

መጀመሪያ ላይ ችግር አይመስልም ነበር። አንድ ኬላ ደረስን። ጠባቂው ቀረጥ ካልከፈላችሁ አታልፉም አለ። ዲኤሙ ወደ ልጅቷ ዞሮ "አዝማሪዋ ምን ትላለች?" አላት። "እ..." ብላ ፈገግ አለች። ትንሽ ዝምታ ሆነ። ያን ጊዜ ጋሼ ገቡበት። "ስማኝ የኔ ወንድም፣ አንተም የሰው ልጅ ነህ፣ እኛም መንገደኛ ነን..." ብለው ጀመሩ፤ ስለ እናቱ፣ ስለ መንገድ ድካም፣ ስለ ነገ ሰው ፊት ስለመቆም ተናገሩ። በጣም ያምር ነበር። ሁላችንም ሳቅን፣ ዲኤሙም ሳቀና ኬላውን ከፈተ። ዳይስ አልተጣለም።

በቀጣዩም እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለውም። ቀስ በቀስ ልማድ ሆነና ሰው ማናገር ሲመጣ ሁሉም ዓይን ወደ ጋሼ ይሄዳል። ልጅቷ የራሷን ገንዘብ ከፍላ ዕቃውን ሌላ ሰው ይዞት እንደሄደ ነው የሆነችው። ደግሞ ቅር ብሏት እንኳ የምትናገርበት መንገድ አልነበራትም። ታላቅ ሰው ሲናገር ተቋርጦ አይገባም። ቤት ያደገችበት ነገር ነው፣ ጨዋታ ነው ተብሎ በአንድ ቀን የሚወልቅ አይደለም።

በራሷ መንገድ ልትፈታው ሞክራለች። ቻርም ፐርሰን የሚባል አስማት አላት፤ አንድን ሰው ለአንድ ሰዓት እንደ ወዳጅ እንዲያያት ያደርጋል። መናገር ሳያስፈልጋት ሰው ለማግባባት አንድ እህል ነጋዴ ላይ ተጠቀመችበት። ሠራ። ግን ሕጉ እንደሚለው አስማቱ ሲያልቅ ሰውየው ምን እንደተደረገበት ያውቃል። ነጋዴው ማታውን ሰው አስከትሎ መጣብን፣ ከከተማው ወጣን። ዲኤሙ ሕጉን ነው የተከተለው፣ አላጠፋም። ለእሷ ግን ያለቻትም አንዲት መውጫ የተዘጋች መሰላት።

ነገሩ የወጣው የባላባቱ ድግስ ላይ ነው። ገበሬዎቹ እህላቸውን የተቀሙበት አንድ ባላባት ነበር፤ ድግሱ ላይ ገብተን ልናናግረው ነው የሄድነው። አዝማሪ ለእንዲህ ያለ ቦታ ነው የምትሠራው። ማሲንቆ ያላት እሷ፣ ለመግባት የተጋበዘችው እሷ። የተናገሩት ግን ጋሼ ናቸው፣ ያውም ለረጅም ጊዜ፣ ያውም በሚያምር አማርኛ። ከጨዋታው በኋላ ልጅቷ ዲኤሙን ለብቻው "ካራክተሬን መቀየር ይቻላል?" አለችው። በምን እንደሆነ ሲጠይቃት "ሰይፍ የያዘች። እሷ መናገር የለባትም አይደል?" አለችው።

ያቺ ጥያቄ ናት ዲኤሙን ያነቃችው። አዝማሪዋን የጠላች ሰው ያን ያህል ገጽ አትጽፍም። አዝማሪዋን መሆን የሚቻልበት ቦታ ስላጣች ነው ሰይፍ የጠየቀችው።

የተሞከረው፦ ዝም ማሰኘት

የመጀመሪያው እርምጃ አዋጅ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ከመጀመራችን በፊት ዲኤሙ "ከዛሬ ጀምሮ ሰው የምታናግረው አዝማሪዋ ብቻ ናት" አለ። ወረቀቱ ላይ ፍትሐዊ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት ሰው ነው የጎዳው። ጋሼ በወጣቶች ፊት እንደተገሠጹ ተሰማቸው፤ ምንም አላሉም፣ ግን ያን ቀን ቡናውንም ዝም ብለው ነው የጠጡት። ልጅቷ ደግሞ ባሰባት። ቀድሞ ዝም ስትል የሚሸፍናት ነበር፣ አሁን አራት ሰው አፏን ይጠብቃል። አንድ የመንደር ሽማግሌ ስታናግር ድምፇ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገረችና "በቃኝ" አለች። አዋጁ በዚያው ምሽት ተሻረ።

ከዚያ በኋላ ዲኤሙ ያደረገው ነገር በእኔ አስተያየት ከሕጎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጋሼን ስልክ ደውሎ ለብቻቸው አናገራቸው፣ በማክበር። ቁጥሮቹን አስረዳቸው። ልጅቷ ምን እንደከፈለች፣ እሳቸው ምን እንዳልከፈሉ። ጋሼ ደነገጡ። "ልጅቷ እንዳትጨነቅ ብዬ እኮ ነው የምናገርላት" ነው ያሉት። ይህን ሁላችንም አላሰብነውም ነበር። ጨዋታውን የቀማ ሰው አድርገን ነው ያየናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አንዲት ዓይን አፋር ልጅ እየረዱ ነበር፣ ማንኛውም የእኛ አገር ታላቅ ሰው እንደሚያደርገው።

ዲኤሙ አንድ አማራጭ ሰጣቸው። ድዋርፋቸው ከባድ ጥሩር ነው የሚለብሰው፤ ከባድ ጥሩር ላይ ቅልጥፍና ለመከላከያ አይቆጠርም። ስለዚህ ቅልጥፍናን ከ14 ወደ 10 ቢያወርዱ 5 ነጥብ ይተርፋል፣ በእሱ ቻሪዝማን ከ8 ወደ 13 ማድረስ ይቻላል። "መናገር ከፈለጉ ካራክተርዎም ይክፈልበት" ነው ነገሩ። ጋሼ ላስብበት አሉ።

የተሞከረው፦ ዳይስ ብቻ

ቀጥሎ ንግግር ሙሉ በሙሉ ቀረ። ሰው ማሳመን ሲፈለግ ማንም አይናገርም፣ ልጅቷ ዳይስ ትጥላለች፣ 5 ትደምራለች፣ ዲኤሙ "አሳመንሽው" ወይም "አልተቀበለሽም" ይላል።

ይህ አንድ ነገር አስተካክሏል። ቁጥሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ አገኘ። ሰዎች "አዝማሪዋ ትጣልልን" ማለት ጀመሩ። ነገር ግን ጨዋታው ደረቀ። ባላባት ይሁን ለማኝ፣ ልዩነቱ አንድ ቁጥር ነው። ልጅቷ ራሷ ለአጎቷ ልጅ "ኤቲኤም የምጠቀም ነው የሚመስለኝ" ብላዋለች። አዝማሪ ልትሆን ነው የመጣችው፣ ቁጥር ልትደምር አይደለም። እኔ ይህ ደረጃ ከንቱ ነበር አልልም። ሁለት ሦስት ሳምንት መካከል ላይ ትንፋሽ ሰጠን፣ የማንም ልብ ሳይሰበር።

የተሞከረው፦ ዳይሱ መጀመሪያ፣ ንግግሩ ኋላ

እውነተኛው ለውጥ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ዲኤሙ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ቀድሞ የነበረው፦ ትናገራለህ፣ ከዚያ ዳይስ ትጥላለህ። አሁን የሆነው፦ ልጅቷ መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ ትመልሳለች። ከሰውየው ምን ትፈልጊያለሽ? ስለ እሱ የምታውቂው ምን ነገር አለ? በምን መንገድ ትሄጂበታለሽ፣ በልመና፣ በሙገሳ፣ በነቀፋ፣ በማስፈራራት? መልሱ እንደ ተዋናይ መሆን የለበትም። "አዝማሪዋ ልጁን እያነሣች ታሞግሰዋለች" ካለች በቂ ነው። የተጫዋቾቹ መጽሐፍ ራሱ ሁለቱንም መንገድ ይቀበላል፤ በካራክተርህ ድምፅ መናገርም፣ ከውጭ ሆነህ ካራክተርህ የሚያደርገውን መግለጽም ሮልፕሌይ፣ ማለትም ካራክተሩን ሆኖ መጫወት፣ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን እንደ ድክመት ያየዋል፣ ስሕተት ነው።

ከዚያ ዳይሱ ይጣላል። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ደስ ካላት ትናገራለች፣ ካልፈለገች ዲኤሙ ይተርክላታል።

ይህ ለምን እንደሠራ ብዙ ካሰብኩ በኋላ የገባኝ እንዲህ ነው። ዓይን አፋር ሰው የሚፈራው መናገሩን ብቻ አይደለም። ተናግሮ፣ ሰው ሰምቶት፣ ከዚያ ዳይሱ 4 ወጥቶ "አልተቀበለህም" መባልን ነው። ንግግሩ የተገመገመ ይመስለዋል። ዳይሱ ቀድሞ ሲጣል ግን ግምገማው አልፏል። 18 ከወጣ የፈለገችውን ብትናገር ሰውየው ተቀብሏል፤ ብትንተባተብም ዲኤሙ "የተንቀጠቀጠ ድምፅሽ ልቡን ነካው" ይላል። 4 ከወጣ ደግሞ መጥፎ ንግግር መናገር ነው የሚጠበቅባት፣ መጥፎ ንግግር ደግሞ ማንም አይፈራም።

ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን የከፈተችው በውድቀት ነው። ሁለት የተቃቃሩ ቤተሰቦች ነበሩ፣ ለማስታረቅ ገባን። ዳይሱ 3 ወጣ፣ በድምሩ 8። ዲኤሙ "ምን ብታበላሺ ነው?" አላት። ትንሽ አሰበችና "የዚህኛውን ቤት አባት ያሞገስኩ መስሎኝ የዚያኛውን ስም ጠራሁ" አለች። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳትጠየቅ ያን ሙገሳ ከነስሕተቱ ተናገረችው፣ በካራክተሯ ድምፅ።

ዲኤሙ ሁለት ነገር ጨምሯል። አንደኛ፣ ለሦስቱ ጥያቄ የሰጠችው ሐሳብ ብልህ ከሆነ ሁለት ዳይስ ጥላ የተሻለውን ትወስዳለች። የሚመዘነው ሐሳቡ ነው፣ አቀራረቡ አይደለም። ሁለተኛ፣ በ1 ወይም በ2 ከወደቀች የፈለገችውን ታገኛለች ግን ዋጋ ትከፍላለች። ይህ ለዲኤሞች በተጻፈው የጨዋታው መጽሐፍ ውስጥ እንደ አማራጭ የተቀመጠ ሕግ ነው። በጥቂቱ መውደቅ እንደ በር መዘጋት እንዳይሆን ረድቷል።

የተሞከረው፦ ተቀበይ

ጋሼስ? እሳቸው ዝም ብለው መዋጋት ብቻ ቀራቸው፣ ይህም ልክ አልነበረም። የጠረጴዛውን ትልቅ ጸጋ መቅበር ነው።

መፍትሔውን ያመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ታዳሚው ግጥም ይሰጣል፣ "ተቀበል!" ይላል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። "ድዋርፌ መናገር አይችልም፣ ግን ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሹክ ማለት ይችላል አይደል?" አሉ። ዲኤሙ መጽሐፉን ገለጠ። ሄልፕ የሚባል ነገር አለ፦ አንድ ሰው ሌላውን ከረዳ የተረዳው ሁለት ዳይስ ጥሎ ከፍ ያለውን ይወስዳል። የልጅቷ 55 በመቶ በዚህ ወደ 80 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጋሼ አንድ ስንኝ ወይም አንድ ሐሳብ ይሰጣሉ፣ "ተቀበይ!" ይላሉ፣ ዳይሱን የምትጥለው ግን እሷ ናት፣ ሰውየው የሚሰማውም እሷን።

ይህ ወዲያው ሁለቱንም አነሣቸው። እሳቸው የመናገር ፍላጎታቸው መውጫ አገኘ። እሷ ደግሞ ታላቅን ሳታቋርጥ መናገሪያ ቦታ አገኘች፤ እንዲያውም ታላቁ ራሳቸው ናቸው ተናገሪ የሚሏት።

ችግር አልጠፋም። ሦስተኛው አራተኛው ላይ ጋሼ ስንኝ ብቻ ሳይሆን ዓላማውንም መስጠት ጀመሩ። "እንዲህ በይው፣ ከዚያ እንዲህ ጠይቂው።" እንደገና የሚያስቡት እሳቸው፣ እሷ ድምፅ ብቻ። ዲኤሙ ቶሎ አረመው፦ ሦስቱን ጥያቄ መጀመሪያ እሷ ትመልሳለች፣ ከዚያ ነው "ተቀበይ" የሚባለው። ሐሳቡ የእሷ፣ ስንኙ የእሳቸው።

ወደ ባላባቱ ስንመለስ፣ ብዙ ቆይተን፣ ጋሼ ስንኝ ሊሰጡ ሲሉ "አንዴ ቆዩኝ ጋሼ፣ እኔ አለኝ" አለቻቸው። ቤት ጽፋ ነው የመጣችው፦

የጌታው ጎተራ ሞልቶ ሲፈስ እህሉ፣
ደጁ ላይ ያሉቱ ምን በሉ ምን በሉ?

ጋሼ ጠረጴዛውን መትተው "ኧረ ደግሚው!" አሉ። ዳይሱ ገና አልተጣለም ነበር፤ ያን ቀን ቅደም ተከተሉን ራሷ ገለበጠችው፣ ማንም አላስታወሳትም።

ወረቀቱ ላይ ምን ተለወጠ

እንዳሰብነው ብዙ አልተለወጠም። ሌቭል (የካራክተሩ ደረጃ) 2 ላይ ቻርም ፐርሰንን ሂሊንግ ወርድ በሚባል የፈውስ አስማት ቀየረችው፤ ባርድ ሌቭል ሲጨምር አንድ አስማት መቀየር ይፈቀድለታል። ሌቭል 3 ላይ ፐርሱዌዥንን በኤክስፐርቲዝ አጠናከረች፣ ጭማሪዋ ከ5 ወደ 7 ሄደ። በዚያው ሌቭል ኮሌጅ ኦቭ ሎር የሚባለውን የባርድ ዘርፍ መረጠች፣ ከተሰጣት አንዱ ከቲንግ ወርድስ ነው፤ ጠላት ሊመታ ወይም አንድ ነገር ሊሞክር ዳይስ ሲጥል በነገር ወግታ ከዳይሱ ትቀንስበታለች። ለአዝማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። በውጊያ መካከል አንዲት አጭር ንግግር ብቻ ስለሆነ ደግሞ ለልጅቷ ጥሩ ልምምድ ሆናት። እዚህ ላይ ነው አፏ በደንብ የተፈታው፣ ከባላባትና ከሽማግሌ ጋር አይደለም። አንድን ሽፍታ መስደብ ለማንም ይቀላል።

ጋሼ የቻሪዝማውን አማራጭ አልወሰዱም። "ይህን ሰውዬ እንዲሁ ወድጄዋለሁ" አሉ። ድዋርፉ አሁን ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ያልሆነ ነገር ይናገራል፣ ሆን ተብሎ። አንድ ጳጳስ መሳይ ሰውዬ ፊት ቀርቦ ስለ ፍየል ዋጋ ጠይቋል። አንደበተ ርቱዕ ሰው የማይናገር ሰው ሆኖ መጫወት የራሱ ጥበብ እንዳለው ከሳቸው ነው ያየሁት።

ያልተፈታው

ዊዛርዱ ተረሳ። ዕውቀቱ 16 ነው፣ ብዙ ነገር ማወቅ ያለበት ሰው ነው፤ እኛ ግን ለወራት ስለ ንግግር ስንጨነቅ የእሱን ቁጥር የሚፈትን ነገር ብዙም አልመጣም። እሱ ቅሬታ የሚያሰማ ሰው ስላልሆነ ዘግይቶ ነው የታየው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም።

ሌላው ጊዜ ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች ጨዋታውን ያዘገያሉ። ለኬላ ጠባቂም ለባላባትም እኩል ሲጠየቁ ያሰለቻል። አሁን ዲኤሙ ለትልልቆቹ ብቻ ነው የሚጠቀምባቸው። ዲኤሙ ሌላም ነገር ሞክሮ ነበር፦ ለልጅቷ ብቻ የሚሰጥ ምስጢራዊ ማስታወሻ፣ ሌሎቹ የማያውቁት መረጃ፣ ለመናገር ምክንያት እንዲሆናት። አልሠራም። ይዛው ዝም አለች፣ ሸክም ነው የሆነባት።

ሌላ ጠረጴዛ ምን ይወስዳል

መጀመሪያ የምለው ለዲኤሞች ነው። ጥሩ ንግግር ሰምታችሁ ያለ ዳይስ በር ከከፈታችሁ፣ ለቻሪዝማ የከፈለውን ሰው ነጥብ ለሌላ ሰው እየሰጣችሁት ነው። በ8 ትቶት በነጻ የሚያገኝ ሰው ካለ፣ ቀጥሎ ካራክተር ሲሠራ ማንም 9 ነጥብ አያወጣበትም። ንግግሩን ውደዱት፣ አድንቁት፣ ግን ዳይሱን የማን ካራክተር እንደሚጥለው አትርሱ። ለሐሳብ ዋጋ ስጡ፣ ለአንደበት አትስጡ።

ካራክተር የሚሠራ ሰው ደግሞ ከራሱ የራቀ ሰው መምረጡ ችግር የለውም። ዝምተኛ ሰው አዝማሪ መሆን ይችላል፣ ለዚያም ነው ጨዋታ የሆነው። ግን ሲሠራ ለዲኤሙ "እንዴት ነው የምጫወታት?" ብሎ ይጠይቅ፦ በራሴ ድምፅ ነው፣ በትረካ ነው፣ በዳይስ ነው? ይህ ንግግር ካራክተሩ ሲሠራ ከተደረገ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

አንድ ተጫዋች "ካራክተሬን ልቀይር" ሲል ወዲያው እሺ አትበሉ። ምን ሊሸሽ እንደሆነ ጠይቁት። የእኛዋ ልጅ ሰይፍ ቢሰጣት ኖሮ ዝም ብላ ትዋጋ፣ ከዚያ ትቀር ነበር።

በአማርኛ ለምትጫወቱ ለይቼ የምለው አለ። ታላቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ካለ፣ እርማት በሰው ፊት አይሁን። ለብቻ፣ በማክበር፣ ከነምክንያቱ። ታናሹም "ደፋር ሁኚ፣ አቋርጪ" አይባል፤ ያደገበትን አስጥላችሁት ሳይሆን በዚያው ውስጥ የሚናገርበትን ቦታ ፈልጉለት። እኛ ጋ ቦታው "ተቀበይ" ሆነ። ሌላ ቤት ሌላ ይሆናል፦ ሽምግልና ላይ ተራ መስጠት ሊሆን ይችላል፣ ደብዳቤ መጻፍ ሊሆን ይችላል።

በ2024ቱ አዲስ መጽሐፍ ለምትጀምሩ ደግሞ ሥራው ትንሽ ቀሏል። ኢንፍሉዌንስ የሚባል ነገር ገብቷል። የምታናግሩት ሰው ከመጀመሪያው ፈቃደኛ ከሆነ ዳይስ አያስፈልግም፣ ፈጽሞ የማይቀበለው ነገር ከሆነም ዳይስ አይጣልም፤ ዳይሱ የሚጣለው ሲያመነታ ብቻ ነው። የሚደረስበት ቁጥርም 15 ወይም የሰውየው ዕውቀት፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። ዲኤሙ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ይወስን፣ ከዚያ ዝምተኛውን ሰው "ምን ትፈልጋለህ?" ብሎ ይጠይቀው፣ መልሱንም ሳያጣድፍ ይጠብቅ።